ለሶፍትዌር ዋስ የሆንን ጊዜ

እኔ የማልፈራውን መቁጠር ይቀላል። ባጃጅ ስሳፈር መታጠፊያ ላይ ዓይኔን እጨፍናለሁ። የመብራት ማብሪያ የምነካው በፎጣ ነው። ጅጅጋ ገብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ ልጄ በሂሳብ ዲፕሎማ እስክትይዝ ኖሬባት፣ ዛሬም ነፋስ ቆርቆሮውን ሲነካው "ማነው?" እላለሁ። ከሁሉ የባሰው ግን የአፍደም መንገድ ነበር።

እኔና ልጄ የምንሠራው አንድ ድርጅት ነው። እሷ ሂሳብ ክፍል፣ እኔ ሻይና ጽዳት። ድርጅቱ በግ፣ ፍየልና ግመል ይገዛል ይሸጣል፤ በጎን ደግሞ ሩዝ፣ ፓስታና ስኳር ያከፋፍላል። ባለቤቱን ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። ሐጂ አፍደም ላይ ቅርንጫፍ ከፈቱና አንድ መጋዘን፣ አንድ መጋዘን ጠባቂ፣ አንድ ኮምፒውተር አስቀመጡ። መጋዘን ጠባቂው ደህና ሰው ነው፤ በግ በዓይኑ አይቶ ክብደቱን ይነግራችኋል። ኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፍ ግን ሩዙ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

"ከዜሮ በታች የሆነ ሩዝ ምን ይመስላል?" ብዬ ልጄን ብጠይቃት፣

"እማዬ፣ ያልመጣ ሩዝ ተበልቶ ሲያልቅ ነው" አለችኝ።

ይህን ለማስተካከል ልጄ አፍደም ድረስ መሄድ ነበረባት። ጅጅጋ፣ ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ከዚያ ወዲያ ባቡር የተወው ሐዲድ አጠገብ አቧራ ለአቧራ። አንዴ ስትሄድ መኪናው በረሃ ላይ ተበላሽቶ፣ ስልኳም ሳይሠራ እዚያው አደሩ። እኔ በማግስቱ የሆንኩትን አላስታውስም፤ ጎረቤቶቼ ናቸው የሚነግሩኝ። ሰፈራችን ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ሳይ የልጄ ለቅሶ መስሎኝ ገብቼ ደረቴን መታሁ አሉ። ድንኳኑ የሠርግ ነበር። የሙሽራዋ አክስቶች ሙሽራው በድብቅ ያስቀመጣት ሌላ ሴት መስዬአቸው ጎትተው አስወጡኝ አሉ።

እንግዲህ በዚህ ላይ ነው ሐጂ አንድ ቀን ሻይ ሳቀርብ "ልጅቱ በቃ አፍደም ትቀመጥ፣ መመላለሱ ምንድን ነው" ሲሉ የሰማሁት።

ልጄ ግን ፈጣን ናት። "ሐጂ፣ ሰው መሄድ አያስፈልግም። አፍደም ያለው ኮምፒውተር ላይ አንድ ሶፍትዌር ይጫናል። ከዚያ እኔ እዚህ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ እገባበታለሁ። ልክ ፊቱ እንደተቀመጥኩ ሆኜ ሩዙን አስተካክላለሁ።"

"ሰው ሳይሄድ?"

"ሰው ሳይሄድ።"

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። "ጥሩ ነው። ግን ሳይታይ አይገዛም።"

እኔ ስለ ሶፍትዌር የገባኝ ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው፤ ከተገዛ ልጄ ወንበሯ ላይ ትቀራለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማላውቀው ነገር ጸሎት ያዝኩ።

ሐጂ ዕቃ የሚገዙት በአንድ መንገድ ነው። ግመል ሲሆንም፣ ጄኔሬተር ሲሆንም፣ የቢሮ ምንጣፍ ሲሆንም ያው ሽማግሌዎች ይጠራሉ። በተቀጠረው ቀን ከሰዓት በኋላ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ምንጣፉ ላይ ጋደም አሉ፤ ጫቱም ቀረበ። የሁሉም አለቃ ዕድሜውን በሙሉ ግመል ያሻሻጠ አንድ ሽማግሌ ደላላ ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ሶፍትዌር ሻጭ መጥቷል፤ ከረባት ያሰረ፣ ምንጣፍ ላይ እግሩን የት እንደሚያደርግ የጨነቀው። ልጄ ደግሞ የራሷን ይዛለች፣ ከኢንተርኔት በነጻ ያገኘችውን። ሻጩ ሲመጣ በአፍደም በኩል ዞሮ የራሱንም የእሷንም እዚያ ኮምፒውተር ላይ ጭኗቸዋል፤ ወዶ ሳይሆን ሐጂ ስላዘዙት።

ሻጩ ብዙ ተናገረ። ስለ ፍጥነት፣ ስለ ቁልፍ፣ ሌባ እንዳይገባ ስለሚደረግ ነገር። ደላላው ሰምቶ ሰምቶ "ልጄ፣ ይሄ ነገር የማን ነው?" አለው።

"የውጭ ድርጅት ነው አባቴ። እኛ ወኪሎች ነን።"

"እሱን አልጠየቅኩም። አንድ ቀን ቢያጠፋ ማንን እይዛለሁ?"

ሻጩ ፈገግ አለ። አብሮት ፈገግ ያለ ግን የለም። "እንግዲህ... ውሉ ላይ ድርጅቱ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አይወስድም ይላል። ሶፍትዌር ሁሉ እንደዚያ ነው።"

ልጄ በሶማልኛ ተረጎመችላቸው። የሚያኝክ ጉንጭ ሁሉ ቆመ።

"ግመል ሸጬልህ ብትነክስህ አያገባኝም ነው የሚለው?" አለ ደላላው።

"አዎ፣ እንደዚያ ነው" አለች ልጄ።

"ታዲያ ከረባቱን ለምን አሰረ?"

ወደ ልጄ ዞሩ። "ያንቺስ የማን ነው?"

"የእኔ የማንም አይደለም። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተረዳድተው ሠርተው ለቀቁት። የሁሉም ነው።"

"የሁሉም የሆነ ግመል አይተሽ ታውቂያለሽ? እሱ የጠፋ ግመል ነው። አስረሽ ስትቀልቢው ከርመሽ አንድ ቀን ባለቤቱ ይመጣል።"

አንዱ ባለቤቱ የካደው፣ አንዱ ባለቤት የሌለው። ሁለቱም ሊወድቁ ነው፣ ልጄም ወደ አፍደም ልትሄድ ነው። ስኳር ጨምሬ ሻይ ደገምኳቸው፤ ሌላ ምን አቅም አለኝ?

"እስኪ ይራመድ" አለ ደላላው።

ልጄ ኮምፒውተሯን ከፈተች። የአፍደሙ ስክሪን ጅጅጋ ላይ ወለል አለ። የማውሱን ቀስት ወዲያ ወዲህ አደረገች፣ አንድ ነገር ከፈተች፣ ዘጋች። ሻጩም በራሱ እንደዚያው አደረገ። ሁለቱም ይራመዳሉ። ደላላው ግን ዓይኑን አያምንም፤ ስልኩን አውጥቶ አፍደም ደወለና ድምፁን ለሁላችን ለቀቀው።

"ወረያ፣ አንተ! ኮምፒውተሩ ጋ ማን አለ?"

"ማንም!" አለ መጋዘን ጠባቂው። እያለከለከ ነው። "እኔ ውጭ ነኝ። በሩን ቆልፌዋለሁ። ቀስቷ ብቻዋን ትሄዳለች፣ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች! ኮምፒውተሩን ብርድ ልብስ አልብሼው ወጣሁ።"

"የማንን ብርድ ልብስ?"

"የራሴን ነዋ! ዛሬ ምን ለብሼ እንደማድር እንጃ።"

"አትፍራ፣ ልጅቱ ናት ከዚህ ሆና የምታንቀሳቅሰው።"

"እሷ ከሆነች እሰየው። ግን ከጎኑ ሰው ሳይቀመጥ እኔ ከዚያ ነገር ጋር አንድ ቤት አልገባም፣ ዋላሂ!"

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። እኔ ሶማልኛው ለገበያ ያህል ነው የሚገባኝ፤ ፊታቸውን ነበር የማነበው። በመጨረሻ ደላላው ፍርዱን ተናገረ። መራመዱንስ ሁለቱም ይራመዳሉ። ከማይታወቅ ሰው ከብት ሲገዛ እንደሚደረገው፣ የሚታወቅ ዋስ ያለው ይገዛል። ሻጩን "አንተ ዋስ ትሆናለህ?" አሉት።

"እኔ? በግሌ?" አለና በዓይኑ ጫማውን ይፈልግ ጀመር።

ልጄ እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። "የኔን እኔ ዋስ እሆነዋለሁ!"

"ጎሽ!" አሉ ሁሉም። እኔም እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

"ታዲያ" አለ ደላላው ጫቱን እየመረጠ፣ "ከብቱ እስኪታይ ዋስ ከአጠገቡ አይጠፋም። ዝናቡ እስኪገባ ልጅቱ አፍደም ትቀመጥ። መጋዘን ጠባቂውም ከጎኑ ሰው ያገኛል።"

ልጄ ደነገጠች። "ሐጂ! እኛ እኮ የመረጥነው ሰው እንዳይሄድ ነው!"

"እሱማ አዎ" አሉ ሐጂ በጣም ተረጋግተው። "ግን አንቺ ካልሄድሽ፣ ሰው ሳይሄድ መሥራቱን ማን ያረጋግጥልናል?"

ተመልከቱልኝ እንግዲህ። ከሽማግሌዎቹ አንድም የሳቀ የለም። ሻጩ እንኳ አንገቱን ነቀነቀ።

ትሪውን መሬት ላይ ማስቀመጤ ትዝ ይለኛል። መናገሬን ግን የሰማሁት እንደ ሌላ ሰው ነው። "እኔ እሄዳለሁ" አልኩ።

"አንቺ?" አለ ደላላው፣ እንደ ሁሉም ሰው በሶማልኛ አክስቴ ብሎ እየጠራኝ። "ኤዶ፣ ስለዚህ ነገር ምን ታውቂያለሽ?"

"ምንም።"

"ቢያጠፋስ?"

"የምትነካው ልጄ ናት። እሷ ላጠፋችው የምመልሰው እኔ ነኝ። የወለድኳት እኔ አይደለሁ?"

ደላላው ጉልበቱን መታ። "ይሄ ነው ዋስ! ባለ ከረባቱ እንዲህ ቢል ኖሮ ገዝተነው ነበር!"

ሻጩ በር ላይ ጫማውን እያሰረ ቀስ ብሎ "እናቴ፣ ለእኔም አንድ ቃል ቢሉልኝ" አለኝ። አሳዘነኝ። ግን የወለድኩት እሱን አይደለም።

ቤት ስንገባ ልጄ ጮኸችብኝ። "ባጃጅ የምትፈሪ ሴት አፍደም! እዚያ ሙቀቱን ታውቂዋለሽ? ብትታመሚስ?"

"ላንቺ ከምፈራ ለራሴ ብፈራ ይቀለኛል" አልኳት። እውነቴን ነው። ለራሴ መፍራት ለምጄዋለሁ።

ከድሬዳዋ ወዲያ ያለውን አገር የማውቀው በጆሮዬ ነው፤ ዓይኔን አልገለጥኩም። ጎማ ሲዘል እሰማለሁ፣ ፍየል ሲጮህ እሰማለሁ፣ ሾፌሩ "ኤዶ፣ ተኝተሽ ነው ወይስ ሞተሽ?" ሲለኝ እሰማለሁ። አፍደም ስንደርስ እጄ ከመቀመጫው ብረት አልላቀቅ ብሎ አንድ በአንድ ጣቴን ያላቀቀልኝ መጋዘን ጠባቂው ነው።

ሥራዬ መቀመጥ ነበር። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ፣ እኔ ፊቱ፣ መጋዘን ጠባቂው ደፍ ላይ፣ ግማሽ ገላው ውጭ። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዲት ቁልፍ እጫናለሁ፤ ፎጣዬን ይዤ መጥቻለሁ። ከዚያ እጠብቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ቀስቷ ዝም ብላ ትቆይና ድንገት ንቅንቅ ትላለች። ያኔ ልጄ ቢሮ ገብታለች፣ ደህና ናት፣ ወንበሯ ላይ ናት ማለት ነው። ጅጅጋ ሳለሁ በሩን ዘግታ ከወጣች እስክትመለስ የት እንዳለች አላውቅም ነበር። እዚህ ግን ቀኑን ሙሉ እጇን አያታለሁ። ስትቸኩል አውቃለሁ። ሲደክማት አውቃለሁ። ለምሳ ስትወጣም አውቃለሁ።

አንዳንዴ ባዶ ገጽ ከፍታ በትልልቅ ፊደል ትጽፍልኛለች። እኔ ፊደል እያያዝኩ ነው የማነበው፤ "እ-ማ-ዬ ቁ-ር-ስ በ-ላ-ሽ" እስክል ድረስ መጋዘን ጠባቂው ከደፉ ላይ "ምን አለች? ምን አለች?" ይለኛል። መጻፉን ስለማልችልበት ማውሱን ይዤ ቀስቷን ወደላይ ወደታች አደርጋታለሁ፤ አዎ ማለት ነው። አንዴ ያዝኳትና አልለቅ አልኩ። እሷ ወደ ሩዙ ትጎትታለች፣ እኔ ወደ እኔ እጎትታለሁ፤ ቀስቷ መሃል ላይ ትንቀጠቀጣለች። ስልኬ ጮኸ።

"እማዬ! ልቀቂ! ሥራ ይዣለሁ!"

"ትንሽ ቆዪ።"

"ምን አድርጌ ነው የምቆየው?"

"ዝም ብለሽ።"

ዝም አለች። እኔም ማውሱን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ለቀቅኩላት።

አንድ ቀን ቀስቷ ቀኑን ሙሉ ሳትነቃነቅ ዋለች። ኔትወርክ ነው፣ ስልኩም የለም። እኔ ግን አደጋ ነው የታየኝ። መጋዘን ጠባቂው ሊያጽናናኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ገባ። ኮምፒውተሩን በጎን እያየ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። "ኤዶ፣ አይዞሽ፣ ትመጣለች" ይለኛል። ወደ ማታ ቀስቷ ንቅንቅ ስትል እኔ አለቀስኩ፣ እሱ በመስኮት ወጣ። በሩ ክፍት ነበር።

ሩዙ ከዜሮ በላይ ወጣ። ስኳሩም ልክ ሆነ። ዝናቡም ገባ፤ ሐጂ ራሳቸው ደወሉልኝ።

"ኤዶ፣ ማሻአላህ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ሽማግሌዎቹ ረክተዋል። አሁን ወደ ቤትሽ ነይ።"

"እሺ ሐጂ። እኔ ስመጣ ከኮምፒውተሩ ጎን ማን ይቀመጣል?"

"ልጅቱን እልካታለሁ እንጂ። ያ ጠባቂ ብቻውን አልገባም ይላል አይደል?"

መጋዘን ጠባቂውን አየሁት፣ እሱም አየኝ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ቤቴ ናፍቆኛል፤ የገዛ አልጋዬ፣ የገዛ ድስቴ። ቀስቷ ስክሪኑ ላይ ከሩዝ ወደ ፓስታ እየተሻገረች ነው፣ ሳትቸኩል።

"ሐጂ" አልኩ፣ "ገና ነው እኮ። ሰው ከአጠገቡ ሲርቅ ይደነግጣል። ትንሽ ልሰንብት።"

"ይደነግጣል? ማን ነው የሚደነግጠው?"

መጋዘን ጠባቂው ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። "ኮምፒውተሩ ነዋ ሐጂ! በጣም ነው እንጂ የሚደነግጠው! እኔ እራሴ አይቻለሁ፣ ዋላሂ!"

"እንግዲያው እስኪረጋጋ ኤዶ እዚያው ትሁን" አሉ ሐጂና ስልኩን ዘጉት።