«አብሽሪ» ያለኝ አሰልጣኝ

ባለቤቴ ወገቡን ታሞ ሐኪም መሪ እንዳይነካ የከለከለው ጊዜ፣ ደጃችን የቆመችው ፒካፕ ጭንቀት ሆነችብን። ከቆቦ ማሳ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭና ጎብዬና ዋጃ ገበያ የምታደርስ፣ ቤታችንን ቀጥ አድርጋ የያዘች እሷ ነበረች። ወይ እኔ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ እይዛታለሁ፣ ወይ ትሸጣለች።

«እኔ እነዳታለሁ!» አልኩ።

ባለቤቴ ከተኛበት ሳቀ። «አንቺ? ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠሽ እንኳ ዓይንሽን ትጨፍኚ የለ እንዴ?»

እልህ ያዘኝ። በነጋታው ሄጄ ተመዘገብኩ።

የመጀመሪያው አሰልጣኜ ወጣት ነው፤ ምላሱ ግን እሳት። «ሴትዮ፣ የያዝሽው መሪ ነው፣ ሊጥ አይደለም!» ይለኛል። እኔም ለአፌ ለከት የለኝም፣ መልስ አላጣለትም። ቆቦ ሜዳ ስለሆነች፣ ዳገት ለመለማመድ ከከተማው ወጣ ብለን ወደ ተራራው የሚያስኬደውን ጥርጊያ እንይዛለን። አንድ ቀን ዳገቱ መሃል አስቁሞ «በይ ተነሺ» አለኝ። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቅቄው ነው መሰል መኪናዋ ጠፋች፣ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች።

«ያዛት! ያዛት እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። የስልጠና መኪና በአሰልጣኙም በኩል ፍሬን አለው። እሱ ግን እጁን አጣጥፎ ቁጭ ብሏል።

«ፍሬኑ እግርሽ ስር ነው። እኔ አልነካልሽም።»

መኪናዋ ዳር ላይ ያለውን ቁልቋል ደረማምሳ ቆመች። ወርጄ አለቀስኩ። ከዚያ እናቱ ሳትቀር ሰደብኩት። «ይሄ አሰልጣኝ ነው ወይስ ነፍሰ ገዳይ?» ብዬ ቢሮ ድረስ ገብቼ አስቀየርኩት።

ሁለተኛው ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ «ቢስሚላህ» ሳይሉ በር የማይዘጉ፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሰው። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ፤ መኪና ሰው አይበላም» ይሉኛል። እውነትም በሳቸው እጅ ሰው ሆንኩ። ያንኑ ዳገት ከሳቸው ጋር ስወጣ መኪናዋ ወደ ኋላ ንቅንቅ አትልም። «ማሻአላህ! አየሽ?» ይላሉ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ጉራዬን እነዛበታለሁ። እሱም መሳቁን ትቶ ስለ ጭነት ያማክረኝ ጀመር።

ለፈተና ወልድያ ወሰዱን። ወልድያ ደግሞ መውጣት መውረድ ነው። ፈታኙ ዳገት መሃል አስቁሞኝ «ቀጥይ» አለ። የለመድኩትን ሁሉ አደረግኩ፤ ያጎደልኩት ነገር አልመሰለኝም። መኪናዋ ግን ወደ ኋላ ሄደች። ክው አልኩ። እግሬ ፍሬን መርገጡን ትቶ ሌላ ሰው እንዲይዝለት ይጠብቃል! ፈታኙ የእጅ ፍሬኑን ስቦ አቆማትና «ማን ነው ያስተማረሽ?» አለኝ፤ አልተቆጣም፣ አዘነልኝ እንጂ። ያን ሁሉ ጊዜ መኪናዋን ይዘው የነበሩት ሽማግሌው መሆናቸው የገባኝ ያኔ ነው።

ቆቦ ስመለስ ሽማግሌው ማሰልጠኛው በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። የምላቸውን መንገዱን ሙሉ ሳሰናዳ ነበር የመጣሁት።

«አባባ፣ ዳገቱ ላይ ፍሬኑን የሚይዙልኝ እርስዎ ነበሩ እንዴ?»

ፊታቸው ልውጥ አለ። «እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ልጄ። ያ ልጅ አስለቅሶሽ አይደል የመጣሽልኝ? በኔ ነው እንዴ የወደቅሽው?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ያ ለከት የሌለው አፌ ተሳሰረ። «ኧረ አይደለም አባባ! ማርሽ ተምታቶብኝ ነው፤ እርስዎ ምን ያድርጉ» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» ብለው በረጅሙ ተነፈሱ።

ድጋሚ ለመፈተን ወረፋ ነበረው፤ የቤታችን ችግር ግን ወረፋ አይጠብቅም። ፒካፗን ከሌላ ከተማ የመጣ ነጋዴ ወሰዳት። ባለቤቴ ቁልፉን አስረክቦ ወገቡን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወይኔ! ያ ስድ አደግ አንዲት ደህና ቃል ቢያውቅ ኖሮ ከሱ ጋር እጨርስ ነበር። እኚህ ደግ ሰውም አንዴ፣ አንዴ ብቻ እግራቸውን ቢያነሱ ኖሮ እግሬ ይማር ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከጊዜ በኋላ በዚያ ጥርጊያ በባጃጅ ሳልፍ የስልጠናዋን መኪና ዳገቱ መሃል ቆማ አየኋት። ሽማግሌው ከጎን ናቸው። መሪውን የያዘችው የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ መንጃ ፈቃዱን ካወጣች ሥራ እንደሚሰጧት ቃል ተገብቶላት እናቷ ቀን ከሌት የምትጸልይላት። መኪናዋ ቀስ ብላ፣ ንቅንቅ ሳትል ተነሳች። ልጅቷ በመስኮት አየችኝ።

«እትዬ! አየሽኝ? እንዴት እንደያዝኳት አየሽ?»

ሽማግሌው ፈገግ ብለው እጃቸውን አነሱልኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«ጎበዝ!» አልኳት።