ሃያ አራት ይበቃው ነበር

ልጃቸውን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት አባቷን በሙያዬ ላስደምማቸው አሰብሁ። ሰውዬው ከፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ጡረታ ወጥተው ጣና ዳር ዓሣ ቤት ከፍተዋል። ደንበኛው ዓሣ ሳያዝዝ ዋይፋይ እየጠየቀ ስላስቸገራቸው ኢንተርኔት የሚቀበል አንቴና ገዝተው አስቀምጠው ነበር። የጎደለው ኢንጀክተሩ ብቻ ነው፤ በአንድ የኔትወርክ ገመድ ኢንተርኔቱንም ኤሌክትሪኩንም አብሮ ወደ አንቴናው የሚልክ ትንሽ ሣጥን።

«እሱን ለእኔ ተዉት» አልኋቸው።

ግሽ አባይ ሰፈር ያለችው የኤሌክትሮኒክስ ባለሱቅ ሁለት ዓይነት አወጣችልኝ፤ አንዱ ሃያ አራት ቮልት፣ አንዱ አርባ ስምንት። አንቴናው ጀርባ ላይ ምን እንደተጻፈ ጠየቀችኝ። እኔን፣ የኔትወርክ ዲግሪ ያለኝን መሆኑ ነው። ሳልመልስላት አርባ ስምንቱን አነሣሁ። መብራት አንዴ እየደከመ አንዴ እየጠፋ ባደግሁበት ከተማ ሰው ከሁለት ዕቃ ጉልበተኛውን ነው የሚመርጠው። ደግሞስ ለአማት የሚሄድ ነገር እንዴት ትንሹ ይሁን? ባለሱቋ አልተከራከረችኝም፤ ደረሰኙ ላይ ብቻ «አይመለስም» ብላ ጻፈችበት።

ሰውዬው መሰላሉን ይዘውልኝ አንቴናውን ጣራ ላይ ሰቀልሁ። ወርጄ ኢንጀክተሩን ሰካሁት። አንቴናው ብልጭ አለ፤ ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ የዓሣ ጥብሱን አሸንፎ መጣ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ፤ አፌ ግን አልደነገጠም። በእኛ ከተማ ለተቃጠለ ነገር ሁሉ ጥፋተኛው አንድ ነው።

«መብራቱ ድንገት ጉልበት ጨምሮ ነው ጋሼ» አልሁ።

ሰውዬው ከዓሣ ቤቱ ጀርባ ወደሚያጓራው ጄነሬተር ዞር አሉ። በገዛ እጃቸው የጠገኑት ነው።

«መብራትማ ከጠዋት ጀምሮ የለም» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን መነጽራቸውን አጠለቁና የአንቴናው ካርቶን ላይ ሃያ አራት ቮልት የሚለውን በጣታቸው አሳዩኝ። ያኔ ሳላነብ እንደገዛሁ፣ ባለሱቋንም እንደናቅኋት፣ አንድ ሳላስቀር ተናዘዝሁ። በማግስቱ አዲስ አንቴና ከሃያ አራት ቮልቱ ጋር አምጥቼ ሠራሁላቸው። አመሰገኑኝ፤ ስለ ልጃቸው ግን ትንፍሽ አላሉም። አለቀልኝ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ።

ከወር በኋላ ሽማግሌዎቼ ጄነሬተር ወደሌለበት የአባቷ መኖሪያ ቤት ሄዱ። የሆነውን የነገረችኝ ከጓዳ ሆና ስታዳምጥ የነበረችው ልጅቷ ራሷ ናት። ሦስቱም አንድ ሰዓት አርፍደው ደረሱ። ትልቁ ሽማግሌ ለሰውዬው የግድግዳ ጎረቤት ናቸው፤ መብራት ሲጠፋም ሲመጣም ለሁለቱ እኩል ነው። እሳቸው ናቸው ገና ከመቀመጣቸው፣ መብራት ጠፍቶ ልብስ መተኮስ ስላቃታቸው እንደዘገዩ ያስረዱት።

አባቷ ግድግዳው ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሲለፈልፍ የዋለውን ቴሌቪዥን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ድምፁን ቀነሱና መልሳቸውን ሰጡ።

«ከእናንተስ ልጁ ይሻላል። ሲያዝ እንኳ ያምናል።»