ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል

በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለአራት መቶ አፍ ያበሰሉት ሰው ጨው የሚመጥኑት በእጃቸው ብቻ ነበርና፣ ስማቸው ተረስቶ «ሚዛን» ሆነው ቀሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ስሙ እንደ ሰው ኮት ሰፋቸው። አንድ ቀን የቤቱን ሾርባ «ጨው የለውም» ብለው አንድ እፍኝ ጨመሩበትና ቤተሰቡ እስኪመሽ ውሃ ሲጋት ዋለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምላስህም አብሮህ ጡረታ ወጥቷል» አሏቸው ባለቤታቸው።

አብሯቸው የሚኖረው አማቻቸው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ የዓሣ መስታወት አቆመ። ዓሦቹ ሁለት ብርቱካንማ የባሕር ዓሦች ናቸው። የዓሣ ነጋዴው መጥቶ ጨውን በውሃ በጠበጠ፤ አንዲት ጠብታ በጨው መለኪያው ላይ አድርጎ በመስኮቱ ብርሃን እያየ፣ «ሠላሳ አምስት፤ ልክ ነው» ብሎ ሄደ። በሊትር ሠላሳ አምስት ግራም ማለቱ ነው። አማችየውም በዚያው ልክ የተበጠበጠ ውሃ በጀሪካን አስቀመጠና፣ መስታወቱ በየሳምንቱ አንድ ጣት ሲጎድል ከጀሪካኑ ይሞላ ጀመር።

በስድስተኛው ሳምንት ዓሦቹ ከድንጋዩ ጀርባ ተወሽቀው ምግብ እምቢ አሉ። ሚዛን ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ።

«ጨው በዝቶበታል።»

«አባባ፣ ሠላሳ አምስት ላይ ሠላሳ አምስት ቢጨመር ያው ሠላሳ አምስት ነው። ሒሳብ ነው እኮ!»

«እኔ መች ስለ ሒሳብ አወራሁ? ጨው ነው ያልኩህ።»

«ተወው ልጄ» አሉ ባለቤታቸው ከወጥ ቤት። «ባሕር አጠጥቶን ጨው አነሰው ያለ ሰው፣ ዛሬ ደግሞ በዛ አለ!»

ሚዛን ጣታቸውን ደግመው ነክረው ላሱ። ምላሴ ዋሽቶኝ ቢሆንስ ብለው ፈሩ። ከተሳሳቱ የቤቱ መሳቂያ መሆናቸው ነው፤ ልክ ሆነው ዝም ካሉ ደግሞ እነዚያ ሁለት ነፍሶች ማለቃቸው ነው። ትንሹ ዓሣ አፉን ከፈት ዘጋ ሲያደርግ አዩትና አላስቻላቸውም። ከመስታወቱ ሁለት ኩባያ ቀድተው በድስት ጣዱ፤ ከደኑት። ውሃው ሲፈላ አማቻቸውን ጠሩ።

«ና፣ ክዳኑ ላይ ያለውን ጠብታ ላስ።»

«ምን?»

«ላስ አልኩህ!»

ላሰ። «ምንም ጣዕም የለውም።»

«አሁን ታች የቀረውን ቅመስ።»

ቀመሰ። ፊቱ እንደ ተጨመቀ ሎሚ ተኮማተረ።

«የሚተነው ውሃው ነው ልጄ፤ ጨው ክንፍ የለውም። በሄደው ውሃ ፋንታ የጨው ውሃ ስትጨምር ጨው በጨው ላይ ትከምራለህ። ወጥ ሲመጥ ውሃ ነው እንጂ ጨው ይጨመርበታል እንዴ?»

አማችየው አፉን እየጠራረገ ስልኩን አነሳ። ነጋዴው መጥቶ ጠብታዋን አየና፣ «አርባ ሁለት!» ብሎ ጮኸ።

ሚዛን ደረታቸውን ነፍተው አንድ ባልዲ የተጣራ ውሃ ሊገለብጡበት ሲሉ ነጋዴው ባልዲው ላይ ተጠመጠመ።

«ኧረ አባቴ! በአንዴ ከቀጠነባቸውማ እርስዎ ነዎት የሚገድሏቸው። ይሄ ወጥ አይደለም! ከውስጡ ትንሽ እየቀዱ፣ በምትኩ ከባልዲው ትንሽ እየጨመሩ፣ ቀስ ብለው።»

ሚዛን የነፉትን ደረት ቀስ ብለው አስተነፈሱ። አራት ቀን ሙሉ ጠዋት ሁለት ጆግ፣ ማታ ሁለት ጆግ እየቀዱ እየተኩ እንደ አስታማሚ ከመስታወቱ ሳይርቁ ሰነበቱ። በአምስተኛው ቀን ትልቁ ዓሣ ብቅ አለና ምግቡን ላፍ አደረገ፤ ትንሹም ተከተለው። ሚዛንና አማቻቸው እየጨበጨቡ ቢጮኹ ባለቤታቸው ሰው የሞተ መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

«ለሁለት ዓሣ ነው ይሄ ሁሉ? ለአራት መቶ ሰው አብስለህ መች እንዲህ ሆነህ ታውቃለህ?»

«እኔ እኮ ሁልጊዜ ከድስቱ ጋ ነበርኩ» አሉ ሚዛን ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳያነሱ። «ሲበሉ ማየት መች ደርሶኝ!»

ባለቤታቸው ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ትንሹ ስስታም ነው» አሉ እሳቸውም ወደ መስታወቱ እያዩ።