የዲስኮቹ መቀናጆ

ፋና የሟች ወንድሟን የሰርግ ቪዲዮ ፍለጋ ዳንግላ ወዳሉት ሰርጎችን በቪዲዮ የሚቀርጹ አዛውንት ቤት ሄደች። እሳቸው ከተጣሉ ኮምፒውተሮች የፈቷቸውን ሃርድ ዲስኮች፣ ትልቅ ትንሽ ሳይሉ፣ በእንጨት ሳጥን ደርድረው ከአንድ ኮምፒውተር ጋር አያይዘዋል። የኮታቸው ክርን ተጥፏል፤ ዲስኮቹን ግን በንጹህ ነጭ ጨርቅ ይወለውላሉ።

«ጋሼ፣ እንዲህ ሳይመሳሰሉ ይሠራሉ?» አለቻቸው።

«አንድ በሬ ያለው ከጎረቤቱ ተቀናጅቶ ያርስ የለ? እኩያሞች ባንድ ሰሞን ይሞታሉ። እኔ እያንዳንዱን ሰርግ ለአንድ ሽማግሌ ዲስክና ለአንድ ጎረምሳ አሸክማለሁ» አሉ።

የወንድሟን ሰርግ ከተሸከሙት ሽማግሌው ዲስክ ሞቶ ነበር፤ ወንድሟ ከጎረምሳው ላይ እየጨፈረ ወጣ።

ፋና እንባዋን እየጠረገች በየዲስኩ የተለጠፉትን የሙሽሮች ስም አነበበች። ጥንዶቹ ሁሉ ሁለት ሁለት ዲስክ ላይ አሉ። ከጎኑ የወንድ ስም የሌለው «ዘውድነሽ» ግን ሁሉም ላይ ተጽፏል። «የራሴን ሙሽራ ለሁለት ብቻ አደራ አልሰጥም» አሉ አዛውንቱ።