ያልተጻፈችው «ሁልጊዜ»

የእኔ ሥራ ከውጭ ሲያዩት እንቅልፍ ያስመጣል። ሳቢያን ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ማራገቢያ ከፍቼ፣ ዕብራይስጡን በቀኝ፣ ግሪኩን በግራ፣ አማርኛውን መሐል ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቅዱሳት መጻሕፍትን አማርኛ ለዛሬ አንባቢ የሚያቀል አንድ ትንሽ ቡድን ውስጥ ገብቻለሁ። ድርሻዬን ተርጉሜ በየወሩ አዲስ አበባ እልካለሁ። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ፤ ሥራውን ደግሞ እወደዋለሁ። ከዚህ በላይ ጡረታ አልመኝም።

ያን ሰሞን የደረሰኝ ሀብቱን፣ ልጆቹንና ጤናውን ያጣው ጻድቅ ሰው ወዳጆቹን የሚወቅስበት ክፍል ነበር። ወንድሞቼ ከዱኝ ይላል፤ የሚያመሳስላቸውም ከወንዝ ጋር ነው። የዕብራይስጡ ቃል «ናኻል» ነው። ዝናብ ሲጥል ደራሽ ጎርፍ የሚያወርድ፣ ሲያባራ አሸዋ ብቻ የሚሆን ወንዝ ማለት ነው። በጥንት ጊዜ ወደ ግሪክ የመለሱት ሰዎችም በክረምት የሚፈስ የሚል ትርጉም ያለው ቃል መርጠውለታል። የቡድናችን ሰዎች ግን «ወንዝ በለውና እለፈው» አሉኝ። ሳቄ መጣ። እነሱ ወንዝ ሲባል ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ነው የሚመጣላቸው። ከተማችንን አቋርጦ በሚያልፈው ደቻቱ ዳር ያደገ ሰው ለዚህ ቃል መዝገበ ቃላት አያሻውም፤ ልጅ ሆነን ኳስ የተጫወትንበት አሸዋ በማግስቱ ድልድዩ ሥር እያገሣ ሲወርድ አይተናል። «ደረቅ ወንዝ» ብዬ ጻፍሁ።

እውነቱን ልናገርና፣ ያንን ቁጥር ስተረጉም ደስ ብሎኝ ነበር። ከደቻቱ ማዶ የሚኖር ታላቅ ወንድም አለኝ። ዓምና የኩላሊት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ስምንት ቀን ሆስፒታል ስተኛ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ሲጠይቀኝ እሱ አልመጣም። ከወጣሁ በኋላ ደወለ፤ አላነሳሁም። በቁርጥ ቀን ያልተገኘ ወንድም ምን ያደርግልኛል ብዬ ልቤን ዘጋሁ። ዓመት ሊሞላን ነበር። ታዲያ ያ ቁጥር ሲደርሰኝ ዕብራይስጡ ጠበቃ የቆመልኝ መሰለኝ።

በሥራችን አንድ ደንብ አለ። ትርጉሙ ከመላኩ በፊት ጽሑፉን አይቶት ለማያውቅ ሰው ይነበባል፤ ሰውየውም የገባውን በራሱ ቃል መልሶ ይናገራል። የእኔ አድማጭ ፊት ለፊት ሽቶና ሽርጥ የምትሸጥ ሶማሌ ጎረቤቴ ናት። «ኤዶ» እላታለሁ፤ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ግን አንቱ ስላት ትቆጣለች።

ከሰዓት በኋላ ሱቋን መልሳ ስትከፍት ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። የማን ታሪክ እንደሆነ ስነግራት ፊቷ በራ።

«እሱማ የኛም ነቢይ ነው፤ ሶብር ያደረገው፣ የታገሠው! አንብብ እስቲ መምህር።»

አነበብኩላት። «ወንድሞቼ ሁልጊዜ እንደ ደረቅ ወንዝ ይከዱኛል።»

«አቦ፣ ይሄ ቶግ አያውቅም እንዴ?» አለች። ቶግ የሚሉት እንደ ደቻቱ ያለውን ወንዝ ነው።

«እንዴት አያውቅም? የበረሃ ሰው ነው።»

«ታዲያ ሁልጊዜ ምንድን ነው? ሁልጊዜ የደረቀማ ቶግ አይባልም፣ መንገድ ነው! ቶግ ይደርቃል፣ ደግሞ ይመጣል። ወላሂ፣ ነቢዩ እንዲህ አላለም። አንተ ነህ ያልከው።»

ተናደድሁ። ስንት ዓመት የዕብራይስጥ ሰዋስው ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሽቶ ሻጭ ታርመኝ? እያጉረመረምሁ በረንዳዬ ገባሁና፣ እሷን ላሳፍር ዕብራይስጡን ገለጥኩ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። «ወንድሞቼ» አለ። «ከዱኝ» አለ። «እንደ ናኻል» አለ። «ሁልጊዜ» የሚል የለም። ግሪኩን አየሁ፤ እዚያም የለም። «ይከዱኛል»ም የለም፤ ግሱ አንዴ የሆነ ነገር ነው የሚናገረው።

«ሁልጊዜ»ን ከየት አመጣኋት? ከሆዴ። የራሴን ቂም በጻድቁ አፍ አናግሬዋለሁ። ተማሪዎቼን «ከተጻፈው አትቀንሱ፣ በተጻፈው ላይም አትጨምሩ» ስል ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ብቻዬን ተቀምጬ ፊቴ ጋለ።

ልሰርዛት እርሳስ አነሳሁ። እጄ እምቢ አለ። ያቺ ቃል ከወጣች ወንድሜን የምከስበት ምን ይቀረኛል? አንድ ጊዜ አልመጣም፤ ይኸው ነው። አንድ ጊዜ የቀረን ሰው ደግሞ ለምን ቀረህ ብሎ መጠየቅ ወግ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ በባጃጅ ድልድዩን ተሻገርኩ። ወንድሜ ሽርጡን አሸርጦ ግቢው ውስጥ ፓፓያ ይልጣል። ሲያየኝ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ወንድም ጋሼ፣ ሆስፒታል ለምን አልመጣህም?» አልኩት፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም።

«መጥቼ ነበር» አለ። «ሁለት ቀን እስከ በሩ መጥቻለሁ። ያ በር ሚስቴን በእግሯ አስገብቼ በቃሬዛ ያወጣሁበት ነው። እግሬ አልገባ አለኝ። የያዝኩትን ብርቱካን ለዘበኛው ሰጥቼ ተመለስኩ። እንዴት ብዬ ልንገርህ? አፈርኩ።»

ብርቱካኑን አስታወስኩት። ዘበኛው «ከአንድ ሰው» ብሎ አልጋዬ ሥር አስቀምጦልኝ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰው የላከልኝ መስሎኝ የላከውን መርቄ በልቼዋለሁ።

«ጣፋጭ ነበር» አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ የእኔም። ከዚያ ፓፓያውን ለሁለት ከፈለውና አብረን በላን። ያን ቀን የበላሁት ፓፓያ እስካሁን ይጣፍጠኛል።

ወረቀቱን አውጥቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ «ሁልጊዜ»ንም ፊቱ ሰረዝኳት፣ ግሱንም አረምኩ። መነጽሩን አድርጎ የቀረውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «ወንድሞቼ እንደ ደረቅ ወንዝ ከዱኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አሁንም ከዱኝ ይላል።»

«ይላል። እሱን መሰረዝ አልችልም፣ ተጽፏል።»

«አትሰርዘው» አለ። «እሱ እውነት ነው።»