ጋሼ ይስማውና የወንዝ ዳር ዶቅማዎቻቸው

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ይስማው፣ ከረጅም የሳንባ ሕመም በኋላ፣ እንጅባራ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ርቃችሁ ላልሰማችሁ ወዳጆቻቸው ይህን መጻፍ የእኔ ድርሻ ሆነ። እጄ ቶሎ አይሄድልኝም። ደክሞኛል።

አባታችን ከሞቱ ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ብዙ ዓመት በከባድ መኪና ጅቡቲ ተመላልሰዋል። መኪና የተበላሸበት ሰው መንገድ ላይ ካዩ አልፈው አይሄዱም ነበር። ሳንባቸው እምቢ ሲል እንጅባራ ጋራዥ ከፈቱ። ከጋራዡ ጀርባ ትንሽ ወንዝ አለ፤ ዳር ዳሩን የዶቅማ ዛፍ ችግኝ ተከሉበት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወደዚያ እንዲፈስ አይፈቅዱም። በበርሜል ያጠራቅሙታል።

አንድ የባጃጅ ሹፌር «ጋሼ፣ ይህን ዘይት እንዲህ የሚንከባከቡት ክርስትና ሊያነሱት ነው እንዴ?» ሲላቸው ትዝ ይለኛል።

«አንተ ባጃጅህን አስታምም፤ እሷም እንዳንተ ማጨስ አብዝታለች» አሉት።

አንድ በጋ ሕመሙ ጠናባቸውና አልጋ ያዙ። ጋራዡ በእኔ እጅ ቀረ። ችግኞቹን ምስጥ መብላት ጀምሮ አየሁ። እኛ ዘንድ የአጥር ቋሚ ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ለቋሚ የበጀ ለችግኝም ይበጃል ብዬ በየሥራቸው አፈሰስኩት። ጋሼ ከአልጋ ሲነሡ እንዲደሰቱ ብዬ ነበር። በጥቂት ሳምንት ቅጠሉ ሁሉ ረገፈ።

ተነሥተው ሲያዩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ማነው ያፈሰሰው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ለምስጥ ብዬ።»

«የሞተ እንጨትና ሕያው እንጨት አንድ መሰለህ» አሉኝ። ሳል ያዛቸው። ሲተዋቸው ቀጠሉ፦ «ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ማንግሮቭ የሚባል ዛፍ አለ። ጨው ውኃ ይጠጣና ጨዉን በቅጠሉ እንደ ላብ ያወጣዋል። ጭቃው አየር ስለሌለው ሥሩን እንደ ጣት ወደ ላይ አውጥቶ ይተነፍሳል። ያን ሁሉ የቻለ ዛፍ ዘይት ሲለብሰው ግን ትንፋሹ ይደፈናል። ወዲያው አይሞትም፤ ቆሞ ይከርማል። አንዳንዱ አዲስ ሥር ያወጣል። ስለዚህ እነዚህንም ቶሎ አትንቀላቸው።»

ዘይት የጠጣውን አፈር ዝቀን በጆንያ አወጣን፤ በምትኩ ፍግ የተቀላቀለበት አፈር መለስን። እሳቸው ሁለት ጊዜ ይቆፍራሉ፣ ይቀመጣሉ። «ማንግሮቭ ሆንኩ እኮ» ብለው ይስቃሉ። ሳቁም ሳል ይሆንባቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይጠይቁኛል፦ «አቆጠቆጠ?»

«ገና ነው ጋሼ።»

ችግኞቹ አንድ በአንድ ደረቁ። አንዲት ብቻ ቀረች። በመጨረሻው ሳምንት መነሣት አቅቷቸው ሲጠይቁኝ «አዎ» ልላቸው አሰብኩ። ዓይናቸውን አየሁና አልቻልኩም።

ጋሼ፣ ስለ ዘይቱ አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገሩኝም። ይህ ነው የከበደኝ። በርሜሉን ከድኜዋለሁ፤ ወደ ወንዙ ጠብታ አይወርድም። እርስዎ ይረፉ፤ ትንፋሽ ያሳጣዎት ድካም አብቅቷል። ዛሬም ጠዋት ወርጄ የቀረችውን ችግኝ አየኋት። ቅርፊቷን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ውስጡ እርጥብ ነው።

ገና ነው ጋሼ። አልነቀልኳትም።