አፉን ወደ ላይ ያዞርኩት መኪና

የሙገርን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትን መውጣት ከጀመርን ወዲህ ልጄ አንድ ዘፈን ይዟል፤ "አባዬ፣ ይሸጥ።" የጭነት መኪናው የሁለታችን ነው፤ መሪውን የምይዘው ግን እኔ ነኝ፤ እሱ ቢሮ ነው የሚውለው። ድንጋይ ጭነን ስንመለስ ከኋላ የመጣው ሁሉ እያለፈን፣ ጥቁር ጭስ እየተፋን ስንንፏቀቅ አብሮኝ ሄዶ አይቷል። ካየ በኋላ ያረጀው መኪናው ብቻ ሳይሆን እኔም እንደሆንኩ ቆጠረው።

"አላረጀም፣ ትንፋሽ አጥሮት ነው" አልኩት።

"ታዲያ ሐኪም ቤት ውሰደዋ!" ብሎ ሳቀብኝ።

እውነቴን ነው። ቱርቦ ማለት አየር በጉልበት እየጠቀጠቀ ሞተሩን የሚያጎርስ ነገር ነው። አየሩ እጁ ላይ ከሌለ ምን ያጎርሰዋል? የኔ መኪና አየር የሚስብበት ቱቦ ጠባብ ነበር፤ አፉም ከፊት ጎማው አጠገብ ዝቅ ብሎ ስለተሠራ የመንገዱን አቧራ ሁሉ እሱ ነው የሚቅመው። ሰፊ ቱቦ ይግባለት፣ አቧራውን የሚያጣራ ትልቅ ፊልትሮ ይግባለት፣ አፉም ከካቢናው በላይ ይውጣ አልኩ። ልጄ አሰበ፣ አሰበና እንዲህ አለ፤

"እሺ፣ ይሠራ። አብሬህ እሄዳለሁ። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ከወጣ መኪናውም ይኖራል፣ አንተም ትነዳለህ። ካልወጣ ይሸጣል፣ አንተም ትቀመጣለህ።"

"ትቀመጣለህ" ያላት ነገር አንጀቴን ቆረጠችው። የት ነው የምቀመጠው? ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ከጡረተኞቹ ጋር ጥላ እያሳደድኩ?

አብነት ሰፈር አንድ ጋራዥ አስገባሁት። መካኒኩ እጁ አይከፋም፣ "ነገ" የሚላት ነገር ናት እንጂ። ቱቦው ተበየደ፣ ረዘመ። ተቆረጠ፣ አጠረ። ፊልትሮው ከመርካቶ ተገዝቶ መጣ፣ ማቀፊያው የሌላ መኪና ሆነና አልገባም አለ።

"ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱ።"

"ትዕግሥት ነበረኝ፤ አንተ ጋ ነው ያለቀው።"

በመጨረሻ ሁሉም ገጠመ። የቀረው ዝናብ እንዳይገባ አፉ ላይ የሚደፋው ቆብ ነው። እሱም "ነገ ይመጣል" ተባለ። ሰማዩ ጥርት ያለ በጋ ነው፣ ለአንድ ቀን ምን ይሆናል ብዬ አፉ ላይ ፌስታል አሰርኩበት፤ ጠዋት ልንነሳ ስንል ፈታሁት።

ዕለቱ የወሩ ልደታ ነበር። ሚስቴ ልደታ ማርያምን ተሳልማ ጋራዡ ድረስ መጣች። ጸበል በጠርሙስ ይዛለች። ግንባሬን ቀባችኝ፣ ልጃችንንም ቀባችው። ያንን ዳገት ሳታየው ትፈራዋለች። እኔና ልጄ የመኪናውን ወረቀት ከመካኒኩ ክፍል ልናመጣ ስንገባ እሷ መኪናው አጠገብ ቀረች። ስንወጣ ራቅ ብላ ቆማ እያማተበች ነበር፤ ተሰናበትናትና ሄድን።

ባዶውን ቁልቁል ወረድን። ድንጋይ መጫኛው ያው እንደ ወትሮው አቧራው ሰው አያሳይም። ጭነን ዳገቱን ጀመርን። ሦስተኛ አስገባሁ፤ ትንሽ ሄደና አጉረመረመ። ሁለተኛ። ጭሱ ካቢናው ውስጥ ገባ። አንደኛ! በአሮጌው ቱቦ እንኳ አንደኛ ገብቼ አላውቅም። አንድ ወጣት ሾፌር በጎን ሲያልፈን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ፋዘር፣ ባቄላ እየቆላችሁ ነው?" ብሎ ተሳለቀ። ልጄ ዓይኑን ማርሹ ላይ ተከለ። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቅንና ፊልትሮውን ከፈትኩት። ጭቃ! አዲሱ ፊልትሮ እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ ተለስኖ ቁጭ ብሏል። ወረቀቱ ርሷል፣ አቧራው ላዩ ላይ ቦክቷል። ዝናብ የለ፣ ወንዝ አልተሻገርን።

መካኒኩ ጋ ደወልኩ። "አንተ! ፊልትሮውን አጥበህ ነው እንዴ የገጠምክልኝ?"

"ኧረ ጋሼ! ወረቀት እኮ ነው፤ ማን ወረቀት ያጥባል?"

አፌን ስድብ ሞልቶት ነበር፤ ሰደብኩትና ዘጋሁት። ወዲያው ሚስቴ ደወለች። ጆሮዬ ስለሚደክም ድምፁን ከፍ አድርጌ ነው የማወራው።

"ወጣችሁ?"

"አልወጣንም።"

"እንዴት ተደርጎ! እኔ ደረጃውን ወጥቼ አጠጥቼው የለ?"

"ማንን?"

"መኪናውን ነዋ! አፉን ከፍቶ ሽቅብ ሲያይ አሳዘነኝ። ግማሹን ለናንተ አደረግሁና የተረፈውን ለሱ።"

ሁለት ፎቅ ስትወጣ ጉልበቴን የምትል ሴትዮ የመኪና ደረጃ ተንጠላጥላ ወጥታ! ምን ልበላት? ሌላ ውሃ ቢሆን አፌን ከፍቼ እናገር ነበር። ጸበል ነው። ዋጥኩት።

ልጄ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ፣ "አባዬ፣ እመቤቴ ራሷ በቃህ እያለችህ ነው" አለኝ።

"ወረቀት ነው የራሰው! የጉድጓድ ውሃም ቢሆን ያው ነው!"

ስልኩ ለካ አልተዘጋም። "ምን አልክ? የጉድጓድ ውሃ አልክ?" አለች።

ልጄ ፊልትሮውን አውጥተን ያለሱ እንሞክር አለ። ሞተሩ ያን ጊዜ እንደ ፈረስ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ግን ይሄን ሁሉ አቧራ ቱርቦው ከዋጠ ምላጭ የመሰሉት ክንፎቹ ተበልተው ያልቃሉ። "አይሆንም" አልኩ። "እንግዲያስ አልወጣህም" አለ። ጭቃውን መትቼ አራገፍኩና በአንደኛ እየተንፏቀቅን ወጣን።

ፊልትሮው ለምንም አይሆንም፤ ሚስቴ ግን ጸበል የነካው ነገር ቆሻሻ ላይ አይጣልም ብላ በረንዳው ላይ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቀለችው። ጎረቤት ባየው ቁጥር ይጠይቀኛል። ልጄ ደግሞ ደላላ አነጋግሯል።

ፍርዱን የገለበጠችው እሷ ናት። ስንት ዘመን "አሁንስ ቁጭ በል" ስትለኝ የኖረች ሴት፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ ልጃችንን ቀና ብላ አየችውና፣ "ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። አባትህን በኔ ጥፋት አታስቀምጠው። አንዴ ድገሙት" አለች። እናቱን እምቢ አይላትም።

አዲስ ፊልትሮ ገባ፤ ቆቡም መጣ። በምንነሳበት ጠዋት ጠርሙሷን ይዛ መጣች። ቆቡን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ባርኔጣዬን አወለቅሁና፣ "እዚህ አፍስሺው። ሁሉንም!" አልኳት። እሷም አልሰሰተችም። እስከ ሆለታ ጀርባዬ አልደረቀም።

ድንጋዩን ጭነን ዳገቱ ሥር ደረስን። ሦስተኛ አስገባሁ። ቱርቦው ፉጨቱን ለቀቀው፤ ጭሱ ሳሳ፤ የመጀመሪያው መታጠፊያ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፣ ማርሹን አልነካሁም። "አየህ!" ብዬ ስዞር ልጄ ጭንቅላቱን መስታወቱ ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ጠራሁት፣ አልሰማም። መሪውን ለቅቄ እንዳልነቀንቀው ዳገት ነው። አናቱ ላይ ስደርስ ፍሬኑን ረገጥኩት።

"ደረስን?"

"ወጣን! በሦስተኛ!"

"እኔ አላየሁም።"

"ተኝተህ ምን ታያለህ!"

"መንቀጥቀጡ የት ሄደ? ድሮ እኮ እዚህ ጋ እንቅልፍ አይወስድም ነበር" አለ ዓይኑን እያሸ።

"እሱን ነው የምልህ!"

"በሦስተኛ ለመውጣቱ ግን ምስክር የለህም።"

ልደታ፣ ሰፈራችን እስክንገባ ተከራከርን። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩበት፤ ዛሬም ድረስ አላየሁም ነው የሚለው። መኪናውን አቁመን ስንወርድ ቁልፉን አልጠየቀኝም። እኔም አልሰጠሁትም።